መብራት ይቅደም ወይስ ማይክ? የአንዲት የደሴ ልብስ ሰፊ 5,000 ብር

እትዬ በደሴ ሸዋበር በሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ ይሰፋሉ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እዚህም ሰፈሩ እንደሚጠራቸው እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። እኔ ደሴ ውስጥ ሰርግና ምርቃት እየቀረጽኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ግንቦት 2017 ዓ.ም. ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ሳለ ስልካቸውን አውጥተው፣ "ልጄ፣ እስኪ ይቺን ነገር እያት፤ ክቡን መብራት ልገዛ ነው፣ ትልቁን ነው ትንሹን?" አሉኝ።

ያሳዩኝ ራሳቸው የቀረጹትን ቪዲዮ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ቪዲዮ ሠርተው ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ለቀዋል። ሥራውን የጀመሩት ለጨዋታ አይደለም። በ2014ቱ ጦርነት ከሦስት የስፌት መኪናቸው የተረፈችው አንዲት የእግር መኪና ብቻ ናት፤ በአንድ መኪና ደግሞ ብዙ ተለማማጅ መያዝ አይቻልም። ያስተማሯቸው ልጆች ኮምቦልቻም፣ ሐይቅም፣ ጅዳም ተበትነዋል። "እነሱ እየደወሉ ይጠይቁኛል፤ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ላሳያቸው ብዬ ነው" አሉኝ። ከስፌት ዋጋ ላይ እየቆጠቡ ለዚህ ሥራ ብለው ያስቀመጡት ገንዘብ 5,000 ብር ነበር።

ጥያቄያቸው ሪንግ ላይት ስለሚባለው ክብ መብራት ስፋት ነው። እኔ ግን ቪዲዮውን ሳየው መጀመሪያ የሰማሁት ነገር አስጨነቀኝ። ፔዳሉ ሲረገጥ የመኪናው ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል፤ እሳቸው ከዚያ ስር የሆነ ነገር ይናገራሉ፤ ምን እንዳሉ ግን አይያዝም። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና ከጅዳ የመጣላቸውን የድምፅ መልእክት ከፈቱልኝ። የድሮ ተለማማጃቸው ናት። "እትዬ፣ እኔ እኮ ስልኩን ሽርጤ ኪስ ውስጥ አድርጌ ምግብ እየሠራሁ ነው የምሰማዎት። መኪናው ነው እንጂ እርስዎ አይሰሙም" ትላለች። እትዬ ይህን መልእክት ከሁለት ሳምንት በፊት ሰምተውታል። ነገር ግን የሚያዩት ቪዲዮ ቀራጭ ሁሉ ፊት ለፊቱ ክብ መብራት ስለሚያቆም፣ ጉድለቱ ከመብራቱ ነው ብለው አምነው ነበር።

በዚያ ቀን ምንም እንዳይገዙ ለመንኳቸው። ሦስት ቀን ስጡኝ አልኩ።

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ሙከራ ነው። እሳቸው ጋ አዲስ የገባች ተለማማጅ አለች፤ የተደበቀ ዚፕ ሰፍታ አታውቅም። እትዬ ስለ የተደበቀ ዚፕ የሠሩትን የስድስት ደቂቃ ቪዲዮ ድምፁን ዘግተን አሳየናት፤ ያየችውን በቁራጭ ጨርቅ ላይ እንድትሠራ ነገርናት። ዚፑን ገልብጣ ጨርቁ ላይ እስከማስቀመጥ ድረስ ደረሰች። ከዚያ በኋላ የዚፑ ጥርስ በጣት ተገልጦ መርፌው ጥጉን ይዞ መሄድ አለበት፤ እዚያ ላይ ቆመች። ጨርቁ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ዚፑ ጥቁር፣ ክሩ ጥቁር። በላይ ደግሞ ያለው አንድ አምፖል ከእትዬ ጀርባ ስለሆነ የራሳቸው ጥላ እጃቸው ላይ ወድቋል። "የሚታየኝ ጥፍራቸው ብቻ ነው" አለች ልጅቱ።

በማግስቱ ስልኩን በፊቱ ደፍተን እንድትሰማ ብቻ አደረግን። የሰማችውን መመሪያ በደብተር ጻፊ አልናት። ከስድስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት መስመር ጻፈች፤ ሦስቱም መኪናው በቆመባቸው ጊዜያት የተነገሩ ናቸው።

እንግዲህ ምስሉም ድምፁም ተጎድቷል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከር እዚህ ላይ ፋይዳ የለውም። ብዙ ሰው "ለጀማሪ ድምፅ ይቀድማል" ይላል፤ እኔም ለብዙ ሰው ብያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ለእትዬ ግን ጥያቄውን በሌላ መንገድ አቀረብኩት፦ ከሁለቱ የትኛውን ያለ ገንዘብ ማስተካከል እንችላለን? ብሩ የሚሄደው ያለ ገንዘብ ወደማይስተካከለው ነው። 5,000 ብር ያላት ሴት መስኮት እያላት መብራት መግዛት የለባትም።

መስኮትማ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰፊ መስኮት አለ፤ ወደ ሰሜን ይከፈታል። ግን የተጣጠፈ ልብስ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ሸፍኖታል፤ መኪናዋ ያለችው በተቃራኒው ግድግዳ በኩል ነው። ከልጅቱ ጋር ሆነን መደርደሪያውን ወደ ውስጥ አስገባነው፤ መኪናዋን መስኮቱ ከእትዬ ግራ እንዲውል አድርገን አዞርናት። ግራ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የስፌት መኪና መርፌው ያለው በግራ ጫፍ ነው፤ ወፍራሙ አካሉ በቀኝ ነው። ብርሃን ከቀኝ ቢመጣ የመኪናው አካልና የቀኝ እጅ ጥላ መርፌው ላይ ይወድቃል። ከግራ ሲመጣ ግን በቀጥታ መርፌው ላይ ያርፋል። በቀኝ በኩል አንድ ሜትር ያህል ነጭ አቡጀዲ በወንበር መደገፊያ ላይ ዘረጋን፤ ከመስኮቱ የመጣው ብርሃን እሱ ላይ ነጥሮ የጨለመውን ወገን አነሳው።

ስለ ሰሜን መስኮት አንድ ነገር ልጨምር፤ ደሴ ውስጥ ለሚቀርጽ ሰው ይጠቅመዋል። በበጋ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ በሰሜን መስኮት ቀጥተኛ ጨረር አይገባም፤ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ይገኛል። ከተማችን ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። እኛ ይህን የሠራነው ግንቦት ላይ ነበርና ጨረሩ አልፎ አልፎ ጠረጴዛው ላይ እየወደቀ ጨርቁን ያነጣው ጀመር። አሮጌ ስስ ነጠላ መስኮቱ ላይ ሰቀልን፤ አለቀ። ጭጋግ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን በሚሸፍንበት ቀን ደግሞ ነጠላውም አያስፈልግም፤ ጭጋጉ ራሱ ከማንኛውም የስቱዲዮ ጨርቅ የተሻለ ብርሃን ያለሰልሳል። ብዙ ጀማሪ "ዛሬ ደመና ነው፣ አይሆንም" እያለ የሚተወው ቀን ለእጅ ሥራ ቀረጻ ምርጡ ቀን ነው።

ሌላው ነፃ ማስተካከያ የመጣው ከእትዬ ራሳቸው ነው፤ ከመብራት ሁሉ የበለጠ የለወጠው እሱ ይመስለኛል። የደንበኛ ልብስ ላይ እየሠሩ መቅረጽ አቁመው ለማስተማሪያ ብቻ የሚሆን ነጭ አቡጀዲ ቆርጠው በቀይ ክር መስፋት ጀመሩ። በነጭ ላይ ቀይ ክር፣ ጥርሱ የሚለይ ቡናማ ዚፕ። ያቺኑ የስድስት ደቂቃ ትምህርት በአዲሱ ቦታ ደግመው ቀረጹ፤ ተለማማጇ ድምፁን ዘግታ አይታ ዚፑን እስከ መጨረሻው ሰፋችው። ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ግን ተሰፍቷል። እስካሁን የወጣ ገንዘብ የለም።

ምስሉ በዚህ አበቃ። ድምፁ ግን እንዲህ አልሆነልንም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ነፃ መፍትሔ ድምፁን ለብቻ መቅዳት ነበር። ቪዲዮውን ያለ ድምፅ ይቅረጹ፤ ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ቪዲዮውን እያዩ በስልኩ ይናገሩበት። ለዚህ ማይክ አያስፈልግም፤ ስልኩን አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ይዞ መናገር በቂ ነው። ክፍሉም ለቀረጻ የተሠራ ይመስል ነበር፤ በየግድግዳው የተሰቀለው ቀሚስና ኮት፣ የተጠቀለለው ጨርቅ ማስተጋባትን ውጦት ድምፅ ደረቅ ብሎ ይቀዳል። ሰው ለዚህ ሲል ስፖንጅ ገዝቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ የልብስ ሰፊ ቤት በተፈጥሮው አለው።

ሞከርነው። አልሆነም። እትዬ ያለ ሥራ ሲናገሩ ሌላ ሰው ሆኑ፤ ዜና እንደሚያነብ ሰው ቃል እየመረጡ፣ እየተጠነቀቁ፣ "በመቀጠል ዚፑን እናያይዛለን" ይላሉ። መኪናዋ ላይ ሆነው ግን የሚሉት እንዲህ ነው፦ "እዚህ ጋ ጨርቁ ይጎትታችኋል፤ አትጎትቱት፣ ልቀቁት፣ ልቀቁት፣ ራሱ ይሄዳል።" ያቺ "ልቀቁት" የምትመጣው ጨርቁ በእጃቸው ሲጎተት ብቻ ነው። ማታ ቁጭ ብለው ቪዲዮውን ሲያዩ አትመጣም። ሦስት ማታ ሞክረን፣ ሦስቱንም ቅጂ ሰምቼ፣ ይህን ትምህርት ማጣት ኪሳራ ነው ብዬ ወሰንኩ። እውቀታቸው ያለው እጃቸው ውስጥ ነው፤ አፋቸውም እጃቸውን ተከትሎ ነው የሚከፈተው። ለሌላ ሰው፣ በተለይ ፊቱን ሳያሳይ ለሚተርክ ሰው፣ ድምፅን ለብቻ መቅዳት ጥሩና ርካሽ መንገድ ነው። ለእሳቸው አልነበረም።

ስለዚህ ብሩ የሚሄደው ወደ ማይክ ሆነ። ምክንያቱን በርቀት ስሌት አስረዳኋቸው። ስልካቸው የሚቆመው ጠረጴዛው ማዶ በክር ሣጥን ላይ ተደግፎ ነው፤ ከአፋቸው 1.2 ሜትር ያህል፣ ከመኪናዋ መርፌ 60 ሳንቲሜትር ያህል ይርቃል። ስልኩ ከእሳቸው ይልቅ ለመኪናዋ ይቀርባል ማለት ነው፤ የቀረበውን ደግሞ ጎልቶ ይሰማል። ክፍሉ ድምፅ የማይመልስ ከሆነ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ በ6 ደሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይቀንሳል፤ ሲቀርብም በዚያው ልክ ይጨምራል። ማይኩ ከአፋቸው 20 ሳንቲሜትር ላይ ቢሰካ የእሳቸው ድምፅ በ15 ደሲቤል ገደማ ይጎላል። ከመኪናዋ ጋር ያለው ርቀት ግን ከ60 ወደ 45 ሳንቲሜትር ቢወርድ የመኪናዋ ድምፅ የሚጨምረው በ2 ወይም በ3 ደሲቤል ብቻ ነው። መኪናዋ ጸጥ አትልም፤ እሳቸው ግን ከላይ ይሆናሉ። የፈለግነውም ይህንኑ ነው፤ የስፌት ትምህርት ውስጥ የመኪናዋ ምት መሰማት አለበት፤ ፍጥነቱን የሚያስተምረው እሱ ነው።

እዚህ ላይ የእኔን ስህተት መጻፍ አለብኝ። ፒያሳ ስንሄድ ቸኩያለሁ፤ አመሻሽ ላይ ቀረጻ ነበረኝ። ገመድ የሌለው ትንሽ ማይክ፣ ስልኩ ስር የሚሰካ መቀበያ ያለው፣ 1,400 ብር አሉን። ገመድ አለመኖሩ ለእግር መኪና ይመቻል ብዬ ወዲያው አስገዛኋቸው፤ ሱቁ ውስጥም "አንድ ሁለት ሦስት" አልንበት፣ ጥርት አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቤት ገብተው ሲሰፉበት ነገሩ ሌላ ሆነ። ማይኩ ውስጥ ጫጫታን የሚቀንስ ሥርዓት አለው፤ የማያቋርጥ ድምፅ ሲሰማ ለመደምሰስ ይሞክራል። የመኪናዋን ምት ጫጫታ ነው ብሎ ሲደመስስ የእትዬን ድምፅ አብሮ ይበላዋል። በተለይ የቃሉን መጀመሪያ ይውጠዋል። "ጠርዙን" ሲሉ "ርዙን" ሆኖ ይወጣል፤ "ቆንጠጥ አድርጉ" ሲሉ "ንጠጥ"። ድምፃቸውም ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ይመስላል። ቁልፉን ብንጫን ብንጫን ሥርዓቱን ማጥፋት አልቻልንም።

ገመድ አልባ ማይክ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ይህን ሥርዓት ማጥፋት የሚቻልባቸው አሉ፣ በደህና ብርም ደህና ዕቃ ይገኛል። የእኔ ጥፋት ዕቃውን እትዬ በሚጠቀሙበት ጫጫታ ውስጥ ሳልፈትሽ ማስገዛቴ ነው። ጸጥ ባለ ሱቅ ውስጥ የተፈተነ ማይክ አልተፈተነም። በማግስቱ ይዤው ተመለስኩ፤ ባለሱቁ ደግ ሰው ነውና 300 ብር ጨምረን ቦያ ኤም1 በሚባለው ባለገመድ ማይክ ቀየረልን። እትዬ አልተቆጡኝም። "አብሽር፣ እኔም ስንቱን ጨርቅ አበላሽቼ ነው የተማርኩት" አሉኝ። ያቺን 300 ብር ከኪሴ ልክፈል ብል እምቢ አሉ።

ባለገመዱ ማይክ ኮሌታ ላይ የሚሰካ ነው፤ ገመዱ 6 ሜትር ይረዝማል። መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ሣጥን ለስልክና ለካሜራ የሚለይ ማብሪያ አላት፤ ለስልክ ሲሆን ባትሪ አይፈልግም። የእትዬ ስልክ የጆሮ ማዳመጫ ክብ ቀዳዳ ያለው ነው፤ ያ ባይኖር ኖሮ ሌላ ማገናኛ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ማይክ የሚገዛ ሰው ጫፉን አይቶ ይግዛ፦ ለስልክ የሚሆነው ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለበት ነው፤ ሁለት ቀለበት ያለው ለካሜራ ነው፣ በስልክ አይሰማም።

ሰካነው፣ ቀረጽን፣ ሰማነው፤ ድምፁ እንደ ድሮው ነው። እትዬ ተስፋ የቆረጡት ያን ጊዜ ነው፤ እኔም ልቤ ደነገጠ። ከዚያ የማይኩን ጫፍ በጥፍሬ ጫር ጫር እያደረግኩ ቀረጽኩ። ቢሠራ ኖሮ ጭረቱ ጆሮ የሚበጣ መሆን ነበረበት፤ ምንም የለም። ስልኩ ማይኩን ትቶ በራሱ ማይክ እየቀዳ ነው። አንዳንድ ስልክ ላይ ከስልኩ ጋር የመጣው ካሜራ የውጭ ማይክ አይቀበልም። ኦፕን ካሜራ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ አውርደን ከማስተካከያው የድምፅ ምንጩን የውጭ ማይክ ብለን መረጥን። ደግሜ ጫርኩ፤ ጭረቱ ተሰማ። ማይክ ተበላሸ ብሎ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት ይህን ማየት ይገባል።

ከዚያ በኋላ የቀረው የአሰካክ ነገር ነው። እትዬ ሜትራቸውን እንደማንኛውም ልብስ ሰፊ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ወደ መርፌው ጎንበስ ባሉ ቁጥር የሜትሩ ጫፍ ያለው ብረት ማይኩን ጠቅ ያደርገዋል። መጀመሪያ ስሰማው መርፌ የተሰበረ መስሎኝ ነበር። ሜትሩ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሂጃባቸው ስር ሲሰካ ደግሞ ጨርቁ ይንሿሿል፤ ከላይ ጠርዙ ላይ፣ ከአገጫቸው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ሲሰካ ጠራ። ገመዱ ጠረጴዛውን ከነካ የፔዳሉን ንዝረት ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ከማይኩ ስር አንድ ዙር አጥፈን በመርፌ ቁልፍ ቀሚሳቸው ላይ ያዝነው፤ የቀረው በጀርባቸው ወረደ። ስልኩን ከክር ሣጥኑ አንስተን ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ተጣጣፊ ክንድ በ650 ብር ገዛን፤ እጃቸውን ከላይ ያሳያል፤ ማይኩ ለብቻው ስለሆነ ስልኩ የፈለገበት ቢሄድ ድምፁ አይለወጥም። ይህ የማይክ ትልቁ ጥቅም ነው፤ ካሜራውን ነፃ ያወጣዋል።

ለዝናብ ግን ማይክ መድኃኒት አይሆንም። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን የደሴ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠህ አትደማመጥም። ሰዓት መምረጥ ብቻ ነው ያለው። ክረምቱ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ እትዬ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ቤታቸውን አስተካክለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት መቅረጽ ያዙ። ያን ሰዓት ባጃጁ ገና አልበዛም፤ ሽቅብ የሚያጓራው ከባድ መኪና ግን አለ፤ ሲያልፍ እጃቸውን አቁመው ይጠብቁና ይቀጥላሉ። አዛን በሚሰማበት ሰዓት አይቀርጹም፤ ይህን ማንም ሊያስረዳቸው አላስፈለገም።

በዚህ ሁኔታ እስከ መስከረም ሄዱ። ከጅዳዋ ልጅ መልእክት መጣ፤ "አሁን ኪሴ ውስጥ ሆነው ያስተምሩኛል" ትላለች። እትዬ መልእክቱን ደጋግመው ነው ያሰሙኝ።

መብራት የሚያስፈልግበት ቀን የመጣው ከኅዳር ጀምሮ ነው። የጥር ሰርግ ሲቃረብ ሥራ ይበዛል፤ ጠዋቱን በሙሉ ደንበኛ ይወስደዋል፤ ለቀረጻ የሚቀረው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ መስኮት የለም። አሁን ብሩ ወደ መብራት ይሄዳል፤ ጊዜው ስለደረሰ። ነገር ግን ሪንግ ላይት እንዳይገዙ መከርኳቸው።

ሪንግ ላይት የተሠራው ለፊት ነው። ካሜራው መሃሉ ላይ ሆኖ ብርሃኑ ከዙሪያው ስለሚመጣ ጥላን ያጠፋል፤ ለፊት ያ መልካም ነው። ለስፌት ግን ጥላ ያስፈልጋል። ስፌት ጨርቅ ላይ ብቅ ጥልቅ የሚል ነገር ነው፤ ከፊት ለፊት ሲያበሩበት ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ክሩ ጨርቁ ላይ የተሳለ ይመስላል። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ሲመጣ እያንዳንዱ ስፌት የራሱን ትንሽ ጥላ ይጥላል፤ የላላውና የጠበቀው ይለያል። በመደበኛ የጠረጴዛ የጥናት መብራት ሞከርነው፤ አንገቱ የሚታጠፍ፣ 850 ብር። ከግራ፣ ከጨርቁ አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ ብሎ። በላዩ ላይ ነጭ ወረቀት ጋረድንለት። ሳቲን ላይ ሲሠሩ ክቡ መብራት ጨርቁ ላይ ክብ ሆኖ ይንጸባረቅ እንደነበር፣ መነጽራቸው ላይም ሁለት ክብ ይተው እንደነበር ያወቅነው ከጎረቤት ሱቅ ተውሰን ስንሞክር ነው።

ይህ የጠረጴዛ መብራት ኤልኢዲ ነው፤ የሚሠራው በ5 ቮልት ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ከፓወር ባንክ ጋር ይሰካል። ጣሪያ ላይ ያለውን አምፖል ሲቀርጹ ያጠፉታል፤ ቀለሙ ቢጫ ስለሆነ ከነጩ ጋር ሲቀላቀል አቡጀዲውን ግማሹን ቢጫ ግማሹን ሰማያዊ ያደርገዋል። በጣሪያው አምፖል ብቻ ሲቀረጽ ቪዲዮው ላይ የሚሄዱ ጥቁር መስመሮችም ይታዩ ነበር፤ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ካሜራው በሰከንድ 30 ምስል በሚይዝበት ጊዜ ከዚያ ጋር አይገጥምም። በመተግበሪያው ውስጥ ወደ 25 ስናወርደው መስመሩ ጠፋ።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ማይክ ከነጭማሪው 1,700፣ የስልክ ክንድ 650፣ የጠረጴዛ መብራት 850፤ በድምሩ 3,200 ብር። ከተቀመጠው 5,000 ብር 1,800 ተረፈ። መጀመሪያ ሲጠይቁኝ የነበረው ሪንግ ላይት ከነማቆሚያው 2,800 ብር ነበር፤ ቢገዙት ኖሮ ማይኩንም ክንዱንም ለመግዛት የሚቀረው ገንዘብ አይበቃም ነበር። በተረፈው ብር እትዬ አቡጀዲና ቀይ ክር ገዙ፤ ጥቂት የተደበቀ ዚፕም።

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ያለችው የድሮ ተለማማጃቸው ደወለችልኝ። እሷም የጥልፍ ቪዲዮ ልትጀምር ነው፤ "ወንድሜ፣ እትዬ የገዙትን ማይክ የት ላግኘው?" አለችኝ። ምንም ሳታስተካክል አንድ የቀረጸችውን ላኪልኝ አልኳት። ላከች። የምትሠራው በእጅ ነው፤ መኪና የለም። ስልኩን ጭኗ አጠገብ አቁማዋለች፤ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከበስተጀርባ የቬንቲሌተር ድምፅ አለ፤ እሱን ለአምስት ደቂቃ ማጥፋት ይቻላል። ክፍሉ ግን መስኮት የለውም። የተከራየችው ከሱቅ ጀርባ ያለ ክፍል ነው፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው፤ በሩን ከከፈተች ደግሞ መንገዱ ይገባል። የጥልፉ ክር ወርቃማ ነው፤ በጨለማው ቡናማ መስሎ ነው የሚታየው። ማይኩን ተዪው፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት ግዢ፣ ከግራ ዝቅ አድርገሽ አብሪው አልኳት።